የአራተኛ ክፍል ጥንብ አንሳዎች

ተማሪዎቿ «ቆንጥር» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። እርሷ ግን ሰምታዋለች፤ አልከፋትምም። «ቆንጥር ማንንም ተከትሎ አይወጋም፤ የሚወጋው ሊረግጠው የመጣውን ነው» ስትል ለእናቷ ብትነግራቸው፣ እናቷ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ «አንቺ ደግሞ ተከትለሽ የምትወጊው ዓይነት ነሽ» ብለው አፏን አስያዟት።

ቁጡ መሆኗ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጣ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ የሚከስም አለ፤ እንደ ግንድ ፍም ውስጥ ለውስጥ ሲግል የሚያድርም አለ። የእርሷ የግንዱ ነው።

የሳይንስ መምህርት ናት። አራተኛ ክፍል የሚማርበት ቤት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲወርድ ትምህርቱ በምልክት ይሆናል። በሩ ሲዘጋም ድንጋይ ይደገፍለታል፤ ሲከፈትም ድንጋይ ይደገፍለታል። ካሉት ሁለት መስኮቶች የአንዱ መስታወት ከረገፈ ቆይቷል፤ ሌላኛው ወደ ከተማው ቄራ በኩል ያሳያል። እዚያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ጠመኔ ስትይዝ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ አሁን የጠመኔው ብናኝ ይሁን ሽበቱ አይለይም።

ነገሩ የተጀመረው በሥዕል ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች «በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳት» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ግድግዳ የሚያክል ሥዕል ለትምህርት ቤቱ አበረከቱ። አንበሳ፣ ዝሆንና አውራሪስ ተሥለውበታል። ሰዎቹ ሥዕሉን ለልጆቹ ከማሳየታቸው በፊት ከሥዕሉ ጋር ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ከተነሡ በኋላም ልጆቹን ለማየት አልቆዩም። ፎቶግራፍ የሚያስቸኩለው ሰው ሲመጣ በር መዝጋት ይገባ ነበር፤ ግን በሩም በድንጋይ ነው የሚዘጋው።

መምህርቷ እንደታዘዘችው አስተማረች። አንበሳው እንዴት እንደቀነሰ፣ አውራሪሱ ስለ ቀንዱ እንደሚገደል ተናገረች። በመጨረሻም ከእነዚህ አንዱን በዓይኑ ያየ እንዳለ ጠየቀች። ማንም እጁን አላወጣም። የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ የምትቀመጠው፣ ሳይፈቀድላት ተነሥታ «ቲቸር፣ እንኳን ልናጠፋቸው አይተናቸውም አናውቅ። እኛ ከደሙ ንጹሕ ነን» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህርቷ አልሳቀችም። ልጅቷ እውነቷን ነው። ሥዕሉ ለልጆቹ ያስተማራቸው ጥፋት ሁልጊዜ ከሩቅ አገር፣ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ እንደሚፈጸም ነው። ይህ አንገበገባት። በማግሥቱ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ በተሰበረው መስኮት ላይ ቸነከረችው። አንበሳው ነፋስ ከለከለ፤ ቢያንስ አንድ ሥራ አገኘ። ልጆቹን ግን ወደ ሌላው መስኮት ጠርታ ከአጥሩ ባሻገር፣ በቄራው ጀርባ የቆመውን ትልቅ ግራር አሳየቻቸው። በአናቱ ላይ ሁለት ወፎች ተቀምጠዋል።

«ጥንብ አንሳ!» አሉና አንዳንዶቹ እንትፍ አሉ።

እንትፍ ያሉትን ቆማ አየቻቸውና ምራቃቸውን አስዋጠቻቸው። ከዚያም አስረዳቻቸው። በልጅነቷ በዚያ ዛፍ ላይ ሲመሽ የሚሰፍሩት ጥንብ አንሳዎች ብዛት ቅጠሉን ይሸፍነው ነበር። አሁን የቀሩት እነዚህ ሁለቱ፣ ባልና ሚስት ናቸው። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፤ ያ ከጠፋ ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። ሰው የጣለውን በድን ያለ ደመወዝ ያነሣሉ። እነርሱ ሲያልቁ ጥንቡን ውሻ ይረከበዋል፤ ውሻውም ይራባል፤ ከውሻው ጋር በሽታው ይራባል። አንበሳ ስላላያችሁ ንጹሓን ነን ብላችኋል፤ እነዚህን ግን በየቀኑ ታያላችሁ፣ ስለዚህ በእነዚህ ትጠየቃላችሁ አለቻቸው።

ልጅ ሲጠላም ሲወድም ልክ የለውም። ወር ሳይሞላ ክፍሉ ሁሉ የወፎቹ ዘመድ ሆነ። ወንዱ ራሱ በራ በመሆኑና እጁን ወደኋላ እንዳጣመረ ሰው ስለሚንጎራደድ «ዳይሬክተሩ» አሉት። ሴቷ ስትቆጣ ፊቷ ደም ይመስላል፤ እርሷን «ቲቸር» ብለው ሰየሟት። መምህርቷ ያልሰማች መሰለች። ቄራው ዙሪያውን በግንብ አጥሮ የትርፍራፊውን ጉድጓድ በክዳን በዘጋ ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው «ምን ሊበሉ ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህርቷም ዓርብ ዓርብ ከየቤታቸው የተረፈ አጥንት እንዲያመጡ ፈቀደች። ከግራሩ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ሮጠው ወደ መስኮቱ ይመለሳሉ። ወፎቹ ሲወርዱ ክፍሉ ትንፋሹን ይይዛል። በዚያ ሰሞን ከጎጆው ጫፍ ላይ ነጭ ለስላሳ ነገር ብቅ ማለት ጀመረ። ጫጩት ነበር።

አሁን ወደ ወንድሟ እንምጣ። ታናሿ ነው፤ አዝላ አሳድጋዋለች። የከተማው ጽዳት ኃላፊ ሆኖ መጋረጃ ያለው ቢሮና የሚሽከረከር ወንበር ተሰጥቶታል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰውን ሁሉ ደስ ማሰኘት የሚወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከክፉው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባል። ክፉው አያደርግልህም፤ ይኸኛው «አደርግልሃለሁ» ብሎ ያስቀምጥሃል።

ሐሙስ ምሽት እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ እራት ላይ እንደ ቀልድ ጣል አደረገው። የጎዳና ውሾች በዝተዋል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሕፃን ተነክሷል፤ ሕዝቡ ቢሮውን አጨናንቋል። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት በየመንገዱና በቆሻሻ መጣያው መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጣላል። ባለ ውሾች ሰምተው ውሻቸውን እንዳይደብቁ ነገሩ በምስጢር ተይዟል አለ።

መምህርቷ ጉርሻዋን መለሰች። ውሻውን መርዝ ከገደለው በድኑን የሚበላውም እንደሚሞት፣ ከግራሩ ላይ ያሉት ወፎች ደግሞ በድን ከመብላት በቀር ሌላ ኑሮ እንደሌላቸው ነገረችው። እርሱም ሳቅ ብሎ ከሕፃንና ከጥንብ አንሳ የትኛው እንደሚበልጥባት ጠየቃት።

«ሕፃናቱ እኮ የኔ ተማሪዎች ናቸው» አለችው። «በዚያ መንገድ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። መርዝ ስትጥል እነሱንስ አስበሃል?»

ያን ጊዜ ሳቁን ተወ። የሞቱት ውሾች እሑድ ጎህ ሳይቀድ በጽዳት መኪና ተለቅመው ከከተማ ውጭ በጥልቅ እንደሚቀበሩ ቃል ገባላት። ወፉም አያገኘው፣ ልጁም አያየው። «በኔ ይሁንብሽ፣ እትዬ» አላት።

እናታቸው በዚህ ጊዜ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «ቃል መግባት ላይ ለጋስ ነው ልጄ» አሉ። «ለማንም አይነፍግም።»

ዓርብ ጠዋት መምህርቷ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ልጆቹን አስጠንቅቃ ልትነግራቸው ትፈልጋለች። ርእሰ መምህሩ በጨዋ ደንብ አስቀመጧት፤ የምታስተምረውም ትምህርት የትምህርት ቤቱ ኩራት መሆኑን ነገሯት። ከዚያ በኋላ ግን አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ። መርዝ በመጽሐፉ ምዕራፍ ውስጥ የለም፤ ወላጅ ይደናገጣል፤ የመንግሥት ምስጢር ነው፤ ኃላፊው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ስለሆነ በቤተሰብ ቢጨርሱት ይሻላል። የዱር እንስሳትን ነገር ስታስተምር ከተማውን ሳትነካ ብታስተምር መልካም ነው አሏት።

ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ሁለት ነገር አደረገች፤ በኋላ በራሷ ላይ የነደደችው በእነዚህ ነው። አንደኛ፣ ወንድሟን አመነች። ሁለተኛ፣ ሙሉውን መናገር ሲገባት ግማሹን ተናገረች። ልጆቹን ከማሰናበቷ በፊት ጣቷን ቀሥራ «በዚህ ሰሞን የመንገድ ውሻ እንዳትነኩ፤ የነካ ወዮለት» አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እነርሱም አልጠየቁም። ቆንጥር ስትቆጣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ሰኞ ጠዋት ደወል ሳይደወል ከግቢው በር ስትገባ ልጆቿ ሮጠው ከበቧት። ልብሳቸው አፈር ለብሷል፤ ፊታቸው ግን እንደ በራ መብራት ነው። የሥጋ ሻጩ ልጅ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሆነውን ነገረቻት። ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በመንገድ ዳር ሁለት የሞቱ ውሾች አገኙ። እሑድን ሙሉ እዚያው ሲነፉ ውለዋል። ለወፎቹ ከአጥንት ይልቅ ይህ እንደሚሻል፣ እናቲቱም ጫጩቷን ትታ ሩቅ እንዳትሄድ ተመካከሩ። አንዱን በገመድ ጎትተው፣ ሌላውን በግንበኛ ጋሪ ጭነው፣ ከግራሩ ሥር አደረሷቸው።

«ውሻ አትንኩ አላልኳችሁም?» አለች።

«የሞተ እኮ ነው፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ። «አይነክስም።»

መምህርቷ ቦርሳዋን ጣለች። ሩጫ ከተወች ዘመን ሆኗታል፤ ግን ሮጠች። በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ከግራሩ ሥር ስትደርስ «ቲቸር» የተባለችው ወፍ ከውሻው ሆድ አጠገብ ቆማለች። ገና አልቀመሰችም። ዙሪያውን እየዞረች ታየዋለች፤ ፊቷ ቀልቷል። መምህርቷ ያገኘችውን ድንጋይ አንሥታ ወረወረች። ወፏ ዘለል ብላ ትንሽ ፈቀቅ አለችና ተመለሰች። ይህች መምህርት ልጆቹን ድንጋይ ሲያነሡ ብታይ ጆሯቸውን የምትቆነጥር ናት። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ያዩአታል። ያበደች መሰላቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ትወረውራለች፤ ትሰድባለች፤ ሻሿ ወልቆ ከእግሯ ሥር ወድቋል። ወፏ ግራሩ ላይ ወጣች፤ እንደገና ወረደች። ርሃብ ድንጋይ አይፈራም።

«ምን ቆማችኋል? አባሩ!» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሁሉ የሰላም ነገር ነው አይልም። አራተኛ ክፍል በሙሉ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ድንጋይ እየወረወረ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ የሚወዳትን ወፍ አባረረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አካፋ ይዞ ደረሰ፤ ውሾቹን በአፈር እስኪሸፍን ድረስ መምህርቷ ከበድኖቹ ላይ አልተነቃነቀችም። ወፏ ከጎጆዋ ገባች። ወንዱ ግን በዚያ ጠዋት አልታየም።

ልጆቹን በቧንቧው ፊት አሰለፈች። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና አሳጠበቻቸው፤ ከጥፍራቸው ሥር ሳይቀር አየች፤ ገመዱንም አስቃጠለች። ዝምታዋ ከቁጣዋ ይበልጥ ስላስፈራቸው የክፍሉ ትንሹ ልጅ እጁ አረፋ እንደያዘ «ቲቸር፣ ምን አጠፋን?» ብሎ ጠየቀ።

«እናንተ ምንም አላጠፋችሁም» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ልነግራችሁ የሚገባ ነገር ነበረኝ፤ ዋጥኩት።»

ክፍል አስገብታም ሁሉንም ነገረቻቸው። መርዙን ነገረች፤ መኪናውን ነገረች፤ ኃላፊው ወንድሟ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረች።

እኩለ ቀን ላይ የጽዳት መኪናው መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ወንድሟ ከፊት ወርዶ ልብሱን እያራገፈ፣ የሥራ መጓተት እንዳጋጠመ፣ የመኪናው ጉዳይ ግን አሁን እንደተስተካከለ ተናገረ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እርሱ የታዘዘው ዛሬ ጠዋት መሆኑን፣ እሑድ ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ ማንም ሳይጠይቀው አስረዳ። ወንድሟ ሾፌሩን ገላመጠው። መምህርቷ ከመኪናው ላይ ወጥታ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች።

ቆሻሻ መጣያው ጋ ሲደርሱ ፍለጋ አላስፈለጋቸውም። «ዳይሬክተሩ» ከአንድ ጥቁር ውሻ አጠገብ ክንፉን ዘርግቶ፣ ምንቃሩን አፈር ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ግን የሚያውቅ አይመስልም። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል አለ።

«አንሣው» አለችው። «በእጅህ።»

ጓንት አጥልቆ አነሣው። እንዲህ የሚያህል ወፍ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ያስደነገጠው መሰለ። ከመኪናው ላይ ጭኖት ተመለሱ።

ወሬው ከተማውን ሲዞር ርእሰ መምህሩ ዘዴ አገኙ። ነገር የሚበርደው በስብሰባ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ኃላፊው ረቡዕ አራተኛ ክፍል በእንግድነት ተገኝቶ ስለ ውሻ ቁጥጥር ጥቅም ለልጆቹ ገለጻ እንዲያደርግ፣ በዚያውም ለመምህርቷ ምሳሌ የሚሆን ትምህርት እንዲሰጥ ወሰኑ። ስለ ወንዱ ወፍ ከተነሣም ወደ ሌላ አገር በርሯል ማለት ለሕፃናት ልብ ይሻላል ብለው አማከሯት። «በርሮ አይደለም፤ በጽዳት መኪና ነው የሄደው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አላማከሯትም።

ረቡዕ ወንድሟ ኮት ለብሶ መጣ። ርእሰ መምህሩ አስተዋወቁትና ከበሩ አጠገብ ቆሙ። እርሱም ስለ እብድ ውሻ በሽታ፣ ስለ ጽዱ ከተማ፣ ስለ ትብብር በሚገባ ተናገረ። ንግግሩ መጥፎ አልነበረም። በመጨረሻም ሰው ጥያቄ እንደማይነሣ ሲያውቅ እንደሚለው «ጥያቄ ካለ» አለ።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ።

ትንሹ ልጅ ቀደመ። «ጋሼ፣ መርዙን ውሻ ብቻ እንዲበላው እንዴት ነገራችሁት?»

ወንድሟ ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያይ አቆመ። ሌላው ልጅ መኪናው እሑድ ለምን እንዳልመጣ ጠየቀ። ስለ ነዳጅና ስለ አሠራር ተብራራለት። የሥጋ ሻጩ ልጅ ተነሥታ ሾፌሩ ጎረቤታቸው መሆኑን፣ መኪናው ነዳጅ እንደነበረውና ያጣው ትእዛዝ ብቻ እንደሆነ መናገሩን በጨዋ ቋንቋ ገለጸች። ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰዓቱ እየሄደ ነው አሉ።

«ክፍለ ጊዜው የኔ ነው» አለች መምህርቷ። «ደወል አልተደወለም።»

ወንድሟ ወደ እርሷ ዞረ። «እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይህ ድምፅ ብርጭቆ ሰብሮ ከቀሚሷ ኋላ ሲደበቅ የነበረው ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ለእናታቸው አለንጋ የእርሷ እግር ይቀርብለት ነበር። አሁን ክንዷን አጣጥፋ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

«ልጆቹ ጠይቀውሃል» አለችው። «መልስላቸው።»

ኃላፊው የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ መልሶ ቆለፈ። «ሾፌሩን አላዘዝኩትም» አለ በመጨረሻ። «ሰኞም ይደርሳል ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀበትም፤ ማንም ይቅር አላለውም። ልጆች እንደ ትልቅ ሰው ቶሎ «ግድ የለም» ማለትን ገና አልተማሩም። ትንሹ ልጅ ቅዳሜ ደግሞ ትጥላላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሳይቀበር የሚቀር ከሆነ አይጣልም ተባለ። «መኪናው መጀመሪያ ይምጣ፤ ከዚያ እናምናለን» አለ ልጁ፤ አጠገቡ ያሉትም አዎ አሉ።

የሥጋ ሻጩ ልጅ ግን አሁንም ቆማ ነበር። አንዱ ወላጅ ጎጆውን ሲጠብቅ ሌላው ምግብ እንደሚያመጣ መማራቸውን ነገረችው። የቀረችው እናት ከሰኞ ጀምሮ ለአጥንት እንኳ ከጎጆው አልወጣችም። ከወጣች ጫጩቱን ቁራ ይወስደዋል፤ ካልወጣች ሁለቱም ይራባሉ።

«ታዲያ አሁን ማን ይሂድ፣ ጋሼ?»

ወንድሟ ወደ ርእሰ መምህሩ ተመለከተ፤ ርእሰ መምህሩ ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። ወደ እህቱ ተመለከተ፤ እርሷ አላገዘችውም። ከውጭ ደወሉ ተደወለ፤ የሌሎቹ ክፍሎች ልጆች ሲንጋጉ ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ከአራተኛ ክፍል የተነሣ አልነበረም። ልጅቷ መልሷን እየጠበቀች ነበር።